ጥያቄውንም መልሱንም ብቻውን የዘፈነው ሽኩር

ዛሬ ጠዋት ወዳጄ መሞቱን ሰምቼ ጢሜን ልላጭ ሄድኩ።

ቁርሴን ሳልጨርስ ነው ስልኬ የጮኸው። የደወለችው ፋጤ ናት፣ በርበሬ ነጋዴዋ። ፋጤ አማርኛ ስትናገር «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም። ዳኛውንም ፍየሉንም «አንተ» ነው የምትለው፤ እኔም ከሁለቱ መካከል ያለሁ ሰው ነኝ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ሽኩር አኼራ ሄደ። ቶሎ ና» አለችኝ።

«መጣሁ» አልኳት። ከዚያ እንደ መሄድ ጥቁር ኮቴን ከሳጥን አወጣሁ። ተጨማዷል። መብራት ስላልነበረ ከጎረቤት የከሰል ካውያ ተዋስኩ። ካውያው እስኪግል ጊዜ አለኝ ብዬ ፀጉር ቤት ገባሁ። እኔ ባደግኩበት አገር ቀብር ከሰዓት በኋላ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ካህን ይጠራል፣ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል። ከወጣትነቴ ጀምሬ ቡታጅራ ኖሬ፣ ስንቱን ሙስሊም ጎረቤቴን ሸኝቼ፣ ያን ያረጀ ልማዴን ከአእምሮዬ አላወጣሁትም ኖሯል።

ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ጉንጬን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዞር «ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው እንዲህ የሚያምሩት?» አለኝ።

«ቀብር።»

«የማን?»

«የሽኩር፣ የጊታር መቺው።»

ምላጩን ከፊቴ ላይ አነሳና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ቅድም እኮ ጀናዛው በዚህ በኩል አለፈ፣ ጋሼ። እርስዎ ሲገቡ እኔ ጥቂት ሸኝቼ መመለሴ ነበር።»

ግማሽ ጢሜን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘለልኩ። ዘለልኩ ስል ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው። ስደርስ ሰዉ የእጁን አፈር እያራገፈ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰፈሩ በወጉ መሠረት ነቅሎ ወጥቷል። ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን ሳይ፣ ድሮ ለሽኩር ያጨበጨበ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ወጣቶቹ የሸኙት አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። እኔ የማውቀውን ሽኩር እነሱ አልቀበሩትም።

እኔ የማውቀው ሽኩር የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። ጊታር የተማረው በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ቡድኑም ተበተነ። ከበሮውን አንዱ ወሰደ፣ አኮርዲዮኑን ሌላው፤ ለሽኩር ቀዩ ኤሌክትሪክ ጊታር ደረሰው። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ኮፊያውን ወደ ማጅራቱ ገፋ አድርጎ፣ ከጀሪካን ክዳን የቆረጣትን የጊታር መምቻ በጥርሱ ነክሶ ነበር መንገድ ለመንገድ የሚሄደው።

እናቱ ጊታሩን ቤቷ አታስገባም ነበር። እኔ ያኔ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን መስኮቴ ላይ መጣና «አንድ ዕቃ ታሳድርልኛለህ?» አለኝ። እሺ አልኩ። ከጥቅሎቹ ኋላ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታሩ እዚያ ማደር ለመደ። «በመንግሥት ቤት ተኝቶ የሚያድር ብቸኛው ተቃዋሚ የኔ ጊታር ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አለቃዬ ቢሰማ ኖሮ እኔም ከጊታሩ ጋር እዚያው ነበር የማድረው።

አዘፋፈኑ እንዲህ ነበር። ጉራጌ ሲዘፍን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እጅ ካልተጨበጨበ ዘፈን ተዘፈነ አይባልም። ሽኩር ያን ጭብጨባ በጊታሩ ክሮች ላይ አመጣው። ጊታሩ ሲሰነጥቅ፣ እጅ ሲመታ፣ ከመናኸሪያው ኋላ ያለው የሻይ ቤት ግቢ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ግን የሽኩር ዘፈን ሁልጊዜ ግማሽ ነበር። እሱ ይጠይቃል። ከዚያ ክሮቹን በመዳፉ ሸፈን ያደርግና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ሰዉ ያዘነብላል። መልሱን የሚጨርሰው ሕዝቡ ነው።

«ዘፋኝ ይጠይቃል እንጂ አይመልስም» ይለኝ ነበር። «መልስ የሕዝብ ነው። ደግሞ ብልሃትም አለው፣ ጋሽ ተሰማ። የሚያስከስሰው ቃል ከኔ አፍ አይወጣም።»

እኔ ከተቀባዮቹ አንዱ ነበርኩ። ተቀባይ ማለት እንኳ ይከብዳል። የጉራጌ ጭብጨባ ፈጣን ነው፤ አንዱ እጅ ከሌላው እጅ መካከል እየገባ የሚሸመን ነገር ነው። የእኔ እጅ ደግሞ የሰሜን እጅ ነው። ሁሉም ጨርሶ ሲያበቃ የእኔ ጭብጨባ ብቻዋን ትመጣለች። ሰዉ ይስቃል። አንድ ቀን አፍሬ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሽኩር ዘፈኑን አቁሞ «ያቺ የዘገየችው እጅ የት ሄደች? እሷ ካልመጣች ዘፈኑ አያልቅም» አለ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሁሉ እኔን መጠበቅ ጀመረ። በሕይወቴ ሰው ጠብቆኝ የሚያውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ፋጤ ግን ሌላ ናት። ድምፅ የሚባለውን ነገር ፈጣሪ ለሷ ሰጥቶ የተረፈውን ነው ለእኛ ያከፋፈለን። በርበሬዋን የምትሸጠው ገበያው መግቢያ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ነበር። እዚያ ቁጭ ብላ ሽኩር ሻይ ቤቱ ውስጥ ሲጠይቅ ትመልስለት ነበር ብል፣ የሚያውቃት ሰው አጋነንክ አይለኝም።

አንድ ጊዜ በከተማችን የቧንቧ ውሃ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዶች ተናገሩ፣ ወተት በመሰለ ቀለም የተቀባች ቧንቧ መሐል ላይ ቆመች። ውሃ አልነበራትም። ሌላ ጊዜ ሌሎች እንግዶች መጡና ያችኑ ቧንቧ እንደገና መረቁ። አሁንም ውሃ የለም። ሽኩር ዘፈን አወጣላት። ዋናው በመስቃንኛ ነው፤ በመስቃንኛ ብጽፈው ግማሹን ስለምሳሳት በአማርኛ ላድርገው።

«ቧንቧዋ ተመረቀች፣ ምን ወረደ ከሷ?» ይላል ሽኩር።

«ንግግር!» ይላል ሕዝቡ።

«ጀሪካንሽ ሞላ ወይ?»

«ሞላ!»

«በምን?»

«በንግግር!»

ከፋጤ አፍ ስትወጣ ያቺ ቃል ቤቶቹን አልፋ ቡኢ መንገድ ድረስ ትሰማ ነበር። ዘፈኗ ሠርግ ቤት ገባች፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ወንዝ ዳር ይሏት ጀመር። ምርጫ እየቀረበ ነበር። ሹሞቹ ስብሰባ ጠርተው ገና «ክቡራን» ሲሉ ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «ጀሪካኔ ሞላ» ይላል።

እኛ ሽኩርን ይይዙታል ብለን ስንጠብቅ ቀበሌው እሱን ትቶ እኛን ጠራ። መላሾቹን።

እኔም ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ገና ጎልማሳ ነው፤ አጠገቡ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ምስክር ተቀምጠዋል።

«ዘፋኙ ሲጠይቅ ምን ብለህ መለስክ?» አለኝ።

«ገና አልደረስኩም ነበር» አልኩ።

«የት?»

«ቃሉ ላይ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ምስክሩ ዞረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህስ አይዋሽም። ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው የሚገባው። ዘፈኑን የሚያበላሽብን እሱ ነው።»

በነጻ ተለቀቅኩ። እጄ ለአንድ ነገር ስትጠቅመኝ ያ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው።

ፋጤ ከእኔ በኋላ ገባች። በመስኮት ይሰማ ነበር፤ የሷ ነገር መቼ በመስኮት አይሰማም።

«ምን አልሽ?»

«ንግግር ነዋ ያልኩት። ይህ ሁሉ ሰው ሰምቶኝ አላልኩም ልበል?»

የገበያ ቦታዋን ወሰዱባት። ለሌሎች ተሰጥቷል ተባለ። ለሷ ከቄራው ኋላ ቦታ አሳዩዋት፤ ከውሻና ከአሞራ በቀር ደንበኛ የማይደርስበት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿ የሚበሉት ከዚያች በርበሬ ነው።

ሽኩር ይህን ሲሰማ ሮጦ ቀበሌ ገባ። «ጠያቂው እኔ ነኝ። እኔን ክሰሱኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ አሉ። «አንተ ምን አጠፋህ? መጠየቅ መብትህ ነው።»

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ፖስታ ቤት መጣና የደብዳቤ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። መምቻዋን ከጥርሱ አውጥቶ ሲያገላብጣት ቆየ።

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔ እኮ ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር» አለኝ። «እነሱን ከፊቴ አቁሜ እኔ ከኋላቸው ተደብቄ ኖሯል።»

ላጽናናው ፈለግኩ። የማጽናናት ስጦታ የለኝምና «ሻይ ትጠጣለህ?» አልኩት። አልጠጣም አለ።

ብዙም ሳይቆይ የዞኑ የባህል ጽሕፈት ቤት ጠራው። ወልቂጤ ላይ ትልቅ በዓል አለ፣ ያን የጉራጌ ጭብጨባ ከጊታር ጋር አሳየን አሉት። እንዲዘፍን የፈለጉት ስለ መንገድና ስለ ልማት ነበር። ሽኩር እሺ አለ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ሄድኩ። ያኔ ከቡታጅራ ወልቂጤ መሄድ ማለት ተራራውን መዞር ነው፤ ብዙ ሰው በአዲስ አበባ በኩል ነበር የሚሄደው። የራሳችንን ዞን ዋና ከተማ ለማየት የአገሪቱን ዋና ከተማ ተሳልመን ነበር የምናልፈው። ሽኩር መንገዱን ሙሉ መምቻዋን በጥርሱ እንደ ነከሰ ነበር።

ሜዳው ጢም ብሏል። የጉንችሬው፣ የእምድብሩ፣ የቡታጅራው ሰው ሁሉ አለ። ሽኩር መድረክ ላይ ሲወጣ ሰዉ ገና ሳይጀምር እጁን አዘጋጀ። እኔም ታች ሆኜ እጄን አሟሟቅኩ፤ ዛሬስ አልዘገይም ብዬ።

«ዛሬ ማንም እንዳይመልስልኝ» አለ ሽኩር በድምፅ ማጉያው። «እጃችሁንም እንዳታነሱ። እለምናችኋለሁ።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሽኩር ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ጊታሩን መታ።

«ቧንቧዋ ተመረቀች፣ ምን ወረደ ከሷ?»

ክሮቹን በመዳፉ ሸፈነ። ጆሮውን ግን አላዘነበለም። በድምፅ ማጉያው ዙሪያ አንድ እርምጃ ዞሮ፣ ቅድም ቆሞ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየ፣ ልክ ሌላ ሰው እንደሚመልስለት አድርጎ «ንግግር» አለ።

ያቺን ቃል ገበያ ሙሉ ሰው ሲላት ነበር የማውቃት። ከአንድ ሰው ጉሮሮ ስትወጣ ምን ያህል ትንሽ ናት! ተመልሶ ዞረ፣ ጠየቀ። እንደገና ዞረ፣ መለሰ። እየዞረ እስከ መጨረሻው ዘፈነው። አጠገቤ ያለች ሴት እጇ በራሱ ጊዜ ሲነሳ ባሏ ቀስ ብሎ ይዞ አወረደው። የድምፅ ማጉያውን መብራት ቆረጡበት። ያለ መብራት ጨረሰ፤ የኋላው ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየው። እኔ እጆቼን እንደ ከፈትኳቸው ቀረሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ስጠብቀው የውስጡን ሰማሁ።

«ማን ነው የመለሰው?»

«እኔ።»

«የጠየቀውስ?»

«እሱም እኔ።»

ክረምቱ እስኪወጣ አሰሩት። ሲፈታ ከስቶ፣ ሳል ይዞ መጣ። ጊታሩን መልሰውለታል፤ የዘፈን ፈቃዱን ግን ነጥቀውታል። ከሁሉም ይልቅ የጎዳው ግን ያ አይመስለኝም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰዉ በደስታ ሊቀበለው ተሰብስቦ፣ አንዱ ገና ዘፈኗን ጀመር ሲያደርጋት ሽኩር ከወንበሩ ተነስቶ «ዝም በሉ፣ እባካችሁ» አለ። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ የጀመረለት የለም። ሠርግ የሚጠራው ጠፋ። የማያስጨበጭብ ዘፋኝ ለማን ይሆናል? ኪቦርድ የሚጫወቱ ወጣቶች መጡ። ሰዉ ከነሱ ጋር ሄደ፤ አልፈርድበትም።

ግን የገበያ ቀን የት እንደሚገኝ አውቅ ነበር። ከቄራው ኋላ፣ ፋጤ አጠገብ፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያለ ቃል ጊታር ይመታል። ድምፁን የሰማ ሰው ምንድን ነው ብሎ ጥግ ይዞራል፤ ከዞረ ደግሞ በርበሬዋን ያያል። እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛ አመጣላት። ሌላም ነጋዴ ተጠጋት፤ ያ የውሻ ሰፈር ቀስ በቀስ ገበያ ሆነ። የገበያ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዝናብ ከሆነ ከሷ ሸራ ሥር ይገባል።

«ተው በቃህ፣ ሂድ ሥራህን ፈልግ። በርበሬዬም አንተን ሰልችቶ አስነጠሰው» ትለዋለች።

«አትዪኝ፣ ጀርባሽን ስጪኝና ሽጪ» ይላታል።

እሷ አንዳንዴ ትረሳውና በጊታሩ ላይ ልትገባ አፏን ስትከፍት እጁን ያነሳል። ትዘጋዋለች። ያ ድምፅ እንዲህ ሆኖ ቀረ። እንጀራዋን ቢመልስላትም ድምፅዋን እንደ አደራ ይዞባት ኖረ፤ እሷም ከአክብሮቷ ስጠኝ አላለችውም።

ዓመቱ ነጎደ። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ ያ መንግሥትም ተለወጠ። አንዳንድ ሰው መንገድ ላይ «ሽኩር፣ አሁንማ ዝፈን እንጂ» ይለው ጀመር። «ከማን ጋር?» ይላል። እውነቱን ነው። ከመላሾቹ ግማሹ አዲስ አበባ ነው፣ ሌላው ዓረብ አገር፣ ቀሪው አፈር ውስጥ።

ባለፈው ክረምት እቤቴ መጣ። ጊታር አልያዘም። አንድ አዲስ ነገር አለኝ አለና በጉልበቱ ላይ በጣቱ እየመታ፣ በዚያ ሳል በበላው ድምፅ ለቀቀው።

«ሁሉም ተሳፈረ፣ መናኸሪያው ጭር አለ፤ ማን ቀረ?»

መዳፉን አየር ላይ ክሮቹ ባሉበት ቦታ ጋረደው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮውን አዘነበለ፣ ወደ እኔ። ራሱ ይመልሳል ብዬ ጠበቅኩ።

«መልስ እንጂ» አለኝ።

«አትመልሱ ብለህ የለ?»

«ያ ሌላ ዘፈን ነው። ይኼኛውን እኔ ልመልሰው ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። አንተ ፈልግልኝ።»

«እኔ የፖስታ ሰው ነኝ፣ ግጥም ከየት አመጣለሁ?»

«ዕድሜህን ሙሉ የሰው መልስ ስታደርስ አልነበር እንዴ? አንድ ለኔ ብታደርስ ምን ይልሃል።»

እፈልግልሃለሁ አልኩት። መፈለጉን ፈልጌያለሁ። ስታጠብ፣ ስሄድ፣ ጸሎት ላይ ሳይቀር። «ትኬት ቆራጩ» የሚል መጣልኝ። «ውሻው» የሚልም መጣልኝ። ምናምኔን ይዤ ከምሄድ ጥሩው ሲመጣ እወስድለታለሁ ብዬ ቆየሁ። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ዱዓው ካለቀ በኋላ ፋጤ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በሩ ጋ ጠራችኝ። ግማሽ ጢሜን አይታ ምንም አላለችም፤ ፋጤ ምንም ሳትል ስትቀር ሐዘኗ ከባድ ነው ማለት ነው።

«መልሱን አገኘኸው?» አለችኝ።

«የምኑን?»

«የዘፈኑን። ከጋሽ ተሰማ ተቀበይና አንቺ ትይዋለሽ ብሎኛል። ጮክ አድርገሽ በይው፣ ከእንግዲህ አትፈሪ አለኝ።»

«አላገኘሁም፣ ፋጤ። አሁን ደግሞ ለማን ይሰጣል? እሱ ሄዷል።»

«ለሱ መቼ አልኩህ? ለኔ ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ዓመት አፌን ይዞኝ ኖሮ አሁን ገና ፈቀደልኝ። ቃሉ ያለው አንተ ጋ ነው። አምጣ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ነገ ገበያ ነው። ቦታዬን ታውቀዋለህ።»

አመጣልሻለሁ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያን ጥያቄ ለራሴ ስዘፍነው ውያለሁ። ሁሉም ተሳፈረ፣ መናኸሪያው ጭር አለ፤ ማን ቀረ? «እኔ» የምትል ቃል መጥታልኝ ነበር። ጮክ ብዬ ሞከርኳት። ይህቺ የአንድ ሽማግሌ ቃል ናት፣ ገበያ መካከል አትባልም ብዬ ተውኳት። ቆይቼ ደግሞ ፋጤ ብትላትስ፣ አጠገቧ ያለው ሰውም ብሎ ቢቀበላትስ ብዬ አነሳኋት። አሁንም በእጄ እንደያዝኳት ነኝ፤ ልስጣት ወይስ የተሻለ ልፈልግ አልወሰንኩም።

ፋጤ ከእኔ አንድ ቃል ትፈልጋለች። ገበያው ነገ ነው።